ስድስት ባትሪዎች በእትዬ አሰለፈች ግቢ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ልደታ፣ እትዬ አሰለፈች ግቢ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። እትዬ አሰለፈች ነጠላቸውን አጣፍተው በባትሪ የምትሄደው ትንሽ ክፍት መኪናቸው፣ ጎልፍ ካርቷ ላይ ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው ጋሽ መኮንን፣ ዕድሜያቸውን በፍርድ ቤት ሬጅስትራርነት የጨረሱት፣ መሪውን ይዘዋል። ልጃቸው ሰላም እጆቿን አጣምራ የግቢው በር ላይ ቆማለች። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ብርቄ ከአጥሩ ወዲያ አንገታቸውን ብቅ አድርገዋል። ሥራ ያስተማሩኝ ጋሽ ይርጋ በርጩማ ላይ ናቸው። ስድስተኛው እኔ ዳዊት ነኝ፤ መፍቻ ይዤ መሬት ላይ ተንበርክኬያለሁ።

ያ ቀን በአሲድ ባትሪ ሥራ ላይ የመጨረሻዬ ነበር። ከሰኞ ጀምሮ የምገባው የኤሌክትሪክ መኪና ጥገና ቤት ነው። እዚያ ያሉት ባትሪዎች ውሃ አይጨመርባቸውም፣ አይፈሉም፣ ክዳናቸውም አይከፈትም። ይህን ለጋሽ ይርጋ ስነግራቸው «በዚህ ዕድሜህ ጡረታ ወጣሁ በለኛ!» ብለው ሳቁብኝ። እውነትም ጡረታ ነው። አንድ ሥራ ሲያልቅ ደግሞ እንደዚያ ቅዳሜ ሆኖ ካለቀ ዝም ማለት አልቻልኩም። ብዙ የማወራ ሰው ስላልሆንኩ ልጽፈው ተቀመጥኩ።

ባትሪን በትምህርት ቤት አልተማርኩም። ከአሥረኛ ክፍል በኋላ የተቃጠሉ ቻርጀሮችን እየለመንኩ እየወሰድኩ እፈታ ነበር። ጎናቸው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል እያነበብኩ፣ ያልገባኝን ቃል ስልኬ ላይ እየፈለግኩ ቆየሁ። አንድ ቀን ከተክለ ሃይማኖት ወደ ልደታ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች ጠባብ ባትሪ ቤት ገባሁና «ሥራ አለ?» አልኩ። ጋሽ ይርጋ ቀና ብለው ሱሪዬን አዩ።

«ሌላ ሱሪ አለህ?»

«አለኝ።»

«እሱን ለሠርግ አስቀምጠው። ይሄኛው ከዛሬ ጀምሮ የአሲድ ነው።»

እንዳሉትም ሆነ። አሲድ ሱሪ ላይ ሲረጭ ወዲያው አይታይም። ሲታጠብ ነው ወንፊት የሚሆነው።

የጋሽ ይርጋን ልማዶች አሁን ሳስባቸው እያንዳንዱ ልማድ በስተጀርባው አንድ አደጋ አለበት። ባትሪ ከመንካታቸው በፊት የጋብቻ ቀለበታቸውን አውልቀው ምስማር ላይ ይሰቅሉታል። መፍቻዎቻቸው እጀታቸው በጎማ ላስቲክ የተጠቀለለ ነው፤ ብረቱ በሁለቱ የባትሪ ራሶች መካከል ከወደቀ እንደ ብየዳ ይፈነጥቃልና። የባትሪውን ክዳን ከመክፈታቸው በፊት ላዩን በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላሉ። ስቸኩል ካዩኝ «እጅህን ሳትታጠብ ነው ምግብ የምትቀርበው?» ይሉኛል። ቻርጀሩን ከግድግዳው ሳያጠፉ መቆንጠጫውን ከባትሪው ነቅለው አያውቁም። አሲድ ከፈሰሰ የሚበትኑት ቤኪንግ ሶዳ ሁልጊዜ በቀኝ እጃቸው በኩል ነው።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን አገባባቸው ነበር። ባትሪ ቻርጅ የሚደረግበት ክፍል ዘለው አይገቡም። በሩን ከፍተው ደፉ ላይ ይቆማሉ፣ የአሲድ ሽታ ካለ ያሸታሉ፣ ያዳምጣሉ። «ቤቱ ይተንፍስ» ይላሉ። ቻርጁ ሊሞላ የተቃረበ ባትሪ ይፈላል፤ ሲፈላ የሚወጣው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ግን አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ትበቃዋለች። እኔ ይህን ከማንበቤ በፊት የተማርኩት ከአቋቋማቸው ነው።

ከዚያ ከከተማ ወጣ ያለ አንድ መዝናኛ ቦታ የጎልፍ ካርቶች ባትሪ ተቆጣጣሪ ሆኜ ተቀጠርኩ። ደሞዙ ከባትሪ ቤቱ ይሻል ነበር፤ ስለ ወረቀቱ ብዛት ባላወራ ይሻላል። አለቃዬ ወይዘሮ ጽጌ ይባላሉ። ድምፃቸው ከሳር ማጨጃው በላይ ይሰማል።

«ዳዊት! ይህቺን ካርት ማን ነው ሳይሰካ ያሳደራት?»

«ትንሽ ነው የተነዳችው ብለው ነው…»

«ትንሽ የሚባል የለም! ከሄደች ትሰካለች፣ ከሞላች ትነቀላለች። ባትሪ የሚገድለው ‹ግድ የለም› የሚል ሰው ነው።»

እዚያ የገባኝ ትልቁ ነገር ስድስቱ ባትሪዎች አንድ ሰውነት መሆናቸው ነው። እያንዳንዳቸው ስምንት ቮልት ናቸው፤ ተያይዘው አርባ ስምንት ይሆናሉ። አንዱ ከደከመ አምስቱ ጤነኛ ቢሆኑም ካርቷ ዳገት ላይ ትቆማለች። ስለዚህ ስድስቱን አንድ ላይ ሳይሆን አንድ በአንድ መለካት ልማዴ ሆነ።

መዝናኛው አሮጌ ካርቶቹን ሲሸጥ አንዷን የገዙት ጋሽ መኮንን ናቸው። የእትዬ አሰለፈች ጉልበት ከታመመ ወዲህ ወደ ልደታ ማርያም በእግራቸው መውጣት አልቻሉም። በታክሲ እንዳይሄዱ መሳፈርና መውረዱ ራሱ ፈተና ሆነባቸው። ካርቷ ግን ዝቅ ያለች ናት፤ ወንበር ላይ እንደመቀመጥ ነው። ዋናውን አስፋልት ሳትነካ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ታደርሳቸዋለች። እኔም በዚያው ሰበብ ሥራዬን ትቼ ወደ ሰፈሬ ተመለስኩ። ባትሪ ላላቸው ሰዎች ሁሉ ቤታቸው እየሄድኩ መሥራት ጀመርኩ፤ የመጀመሪያ ደንበኞቼ እነሱ ሆኑ።

ቻርጅ የምትደረገው በግቢው ዕቃ ቤት ውስጥ ነበር። ከቆጣሪው ለብቻው መስመር አስጎተትኩ፣ የራሱን ብሬከር ከክፍሉ ውጭ ግድግዳ ላይ አስገጠምኩ፣ የመሬት ሽቦ አስቀበርኩ። በኤክስቴንሽን መሰካት ክልክል ነው፤ መስኮቱም ሁልጊዜ ክፍት ይሁን አልኩ። ጋሽ መኮንን ሁሉንም ሰምተው «ውሳኔው ተነቧል፣ ይጽና» አሉ። እትዬ አሰለፈች ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ቆይ፣ ባትሪው ውሃ ይጠጣል ነው ያልከው?»

«አዎ እትዬ፣ ግን የባትሪ ውሃ ነው፣ የተጣራ። እኔ እየመጣሁ እጨምርለታለሁ።»

«ጎሽ፣ ያጠጡታላ» አሉ። በዚያው አለፈ።

የመጀመሪያዎቹ ስድስት ባትሪዎች ግቢው ውስጥ ዓመት አልቆዩም። የሞቱት ደግሞ በክፉ ቀን ነው፤ በዓመታዊው የልደታ በዓል፣ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ። ጠዋት ቮልቱን ለክቼ «ምንም አትሆንም» ብዬ የላክኋት ካርት መንገድ ላይ ቀጥ አለች። ወጣቶች ከብበው እየሳቁ ገፏት። «ጀለሴ፣ ይቺ ነገር ነዳጅ አልቆባት ነው?» ይላል አንዱ። እትዬ አሰለፈች ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው እስከ ቤታቸው ድረስ ተገፉ። ስደርስ ግቢ ገብተዋል። ምንም አልተናገሩኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከፍቼ ሳይ ሁለቱ ባትሪዎች ሙሉ በሙሉ ሞተዋል፣ ሌሎቹንም ይዘዋቸው ወርደዋል። ቻርጀሩን ፈተሽኩ፣ ጤነኛ ነው። ሽቦውን ፈተሽኩ፣ ጤነኛ ነው። ጋሽ ይርጋም መጥተው አዩ፣ ምክንያቱን አላገኘነውም። እንደዚያ ተሸንፌ አላውቅም።

ጋሽ መኮንን በድጋሚ ስድስት አዳዲስ ገዙ። ያኔ ሰላም ቆረጠች።

«አባዬ፣ እነዚህም ከሞቱ ትሸጣለች። እማዬ ቅዳሴውን ቤት ቁጭ ብላ በቴሌቪዥን ትከታተላለች።»

እትዬ አሰለፈች «በቴሌቪዥን ይሳለሟል እንዴ?» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ስለዚህ ስድስቱን ባትሪዎች ማዳን ማለት እትዬ አሰለፈችን ቤተ ክርስቲያናቸው ማድረስ ማለት ሆነ።

ብዙም ሳይቆይ ያው በሽታ ተመለሰ። በወንበሩ ስር ከፊት ለፊት ያሉት ሁለቱ መድከም ጀመሩ፤ በመጀመሪያውም የሞቱት እነዚያው ሁለት ቦታ ላይ የነበሩት ናቸው። የአሲድ መለኪያውን ሳስገባ ተንሳፋፊው ወደ ታች ይሰጥማል፤ አሲዱ ቀጥኗል ማለት ነው። ውሃቸው ደግሞ እኔ ካቆምኩበት በላይ ወጥቷል። እኔ ከአንገቱ በታች አቆማለሁ፣ በዚህ ተሳስቼ አላውቅም። ስለዚህ ሌላ ሰው ውሃ እየጨመረ ነው!

ደስታዬ ሊገለጽ አይችልም። ምክንያት ያለው በሽታ ይድናላ። ግቢውን ሁሉ ጠየቅኩ። ጋሽ መኮንን «ወንበሩን እንኳን አንስቼ አላውቅም፤ ከፈለግህ በመሐላ አረጋግጥልሃለሁ» አሉ። ወይዘሮ ብርቄ የከሰል ምድጃቸው ያለው ከዕቃ ቤቱ ግድግዳ ጀርባ ነው፤ ካርቷን «ቦንቧ» ነው የሚሏት። «እኔን አትጠርጥረኝ ልጄ፣ እኔ ያንን ቦንብ ከሩቅ ነው የምሳለመው» አሉኝ። እትዬ አሰለፈችን የጠየቀ የለም። ጎንበስ ማለት የማይችሉ ሴት እንዴት ይጠረጠራሉ?

ለጋሽ ይርጋ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ውሃው ከፍ ብሎ የምታገኘው መቼ መቼ ነው?» አሉኝ።

«ወር ሲገባ።»

«ታዲያ ልደታ ወር በገባ በስንተኛው ቀን ናት?»

 ልደታ ማርያም በየወሩ በአንደኛው ቀን ናት።

«በዕለቱ ሂድ» አሉኝ።

በዕለቱ ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። እነ እትዬ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ካርቷ ተሰክታለች፤ ቻርጁ ሊሞላ ተቃርቧል፣ ባትሪዎቹ አብዝተው የሚፈሉበት ሰዓት ነው። የዕቃ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። መስኮቱ ተዘግቷል። ደፉ ላይ ቆሜ ሳዳምጥ የሚንጫጫ የፈላ ድምፅ ሰማሁ፤ በላዩ ላይ ደግሞ የሰው ሹክሹክታ አለ።

እትዬ አሰለፈች በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። የካርቷ ወንበር ተነስቷል፣ እጃቸው የሚደርስባቸው የፊተኞቹ ሁለት ባትሪዎች ክዳናቸው ተከፍቷል። በቀኝ እጃቸው ጠበል በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘዋል። በግራ እጃቸው የሚነድ ጧፍ።

 ብጮህ ይደነግጣሉ፣ ቢደነግጡ ጧፉ የሚወድቀው ባትሪው ላይ ነው። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣

«እትዬ፣ ጋሽ መኮንን ይፈልጉዎታል» አልኩ።

«ገና አልጨረስኩም።»

«ቶሎ ይምጡ ብለዋል። ጧፉን ከፍ አድርገው ይያዙልኝ፣ ክንዴን ይደገፉ።»

ጉልበታቸው እያቃሰተ ተነሱ። ከበርጩማው እስከ በሩ ያለው መንገድ እንደዚያን ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። ግቢው መሃል ስንደርስ ለቀቅኳቸውና ሮጬ ውጭ ያለውን ብሬከር አወረድኩት፤ ውስጥ ገብቼ ሶኬቱን ብነቅል እሱም ሊፈነጥቅ ይችላል። ከዚያ በሩንና መስኮቱን ከውጭ በረገድኩ። ቤቱ ይተንፍስ!

«መኮንን የታለ?» አሉ እትዬ።

«ተኝተዋል።»

«ታዲያ ለምን ትዋሸኛለህ?»

ነገርኳቸው። ስለሚፈላው ባትሪ፣ ስለማይታየው ጋዝ፣ ስለ ጧፉ። መስኮቱንስ ለምን ዘጉት ብዬ ጠየቅኩ።

«ነፋሱ ጧፌን እያጠፋብኝ ነዋ!» አሉ። ከዚያ ጠርሙሱን አይተው፣ «ውሃ ይጠጣል አልከኝ። ከዚህ የተሻለ ውሃ ወዴት አለ? እኔን የሚያደርሰኝ እሱ ነው፣ እሱም ይባረክ ብዬ ነው።»

 የምንጭ ውሃ ውስጥ የሚሟሙ ማዕድናት አሉ፤ ለሰው ምንም አይሉም፣ ባትሪውን ግን ከውስጥ ይገድሉታል። ላዩ ላይ ውሃ ሲበዛ ደግሞ አሲዱ እየፈሰሰ ይቀጥናል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ለእሳቸው ግን እንዴት ብዬ ላስረዳቸው? ስልክ ደወልኩ፣ ጋሽ ይርጋ መጡ። ኮፍያቸውን አወለቁና ከእትዬ አሰለፈች ጎን ተቀመጡ።

«እትዬ፣ ጠበሉ ለማን ነው የተሰጠው? ለሰው ነው ወይስ ባትሪው ውስጥ ላለው እርሳስ?»

«ለሰው ነዋ።»

«እንግዲያስ እርስዎ ይጠመቁበት። ካርቷንም ከፈለጉ ጣሪያዋን ይርጩት። ባትሪው የራሱን ውሃ ይጠጣ፤ ድርሻ ድርሻችንን እንያዝ።»

እትዬ አሰለፈች ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «እስካሁን ድርሻዬን ለእርሳስ ሳጠጣ ነበራ!»

ሰላም ማታ ስትሰማ ግን አልሳቀችም። «እማዬ፣ የባትሪው ነገር ይቅር፣ አንቺ ብትቃጠዪስ? በቃ ነገ ትሸጣለች።»

«ሽጪያት። እኔም በር ላይ ተቀምጬ ደወሉን እየሰማሁ እኖራለኋ።»

ሁለቱም አለቀሱ። ጋሽ መኮንን ጉሮሯቸውን ጠራርገው በመሃል ገቡ። «ጉዳዩ ለቅዳሜ ተቀጥሯል። ዳዊት ቦታውን አስተካክሎ፣ ካርቷ ወደ ልደታ ማርያም የሚያስወጣውን ዳገት፣ መውጫውን፣ ሳትቆም ከወጣች ትኖራለች። ከቆመች ትሸጣለች። ይግባኝ የለም።»

ያ ሳምንት ከሥራ ዘመኔ ሁሉ የጣመኝ ነው። ከወይዘሮ ብርቄ ምድጃ ርቆ፣ በግቢው ሌላኛው ጥግ፣ ሁለት ጎኑ ክፍት የሆነ የቆርቆሮ ጥላ ሠራን። መዘጋት የሚችል መስኮት የለውም። ብሬከሩና የመሬት ሽቦው ወደዚያ ዞሩ። የፊተኞቹ ሁለት ባትሪዎች አልዳኑም። አዲስ ከአሮጌ መቀላቀል ስለማልወድ ወይዘሮ ጽጌ ጋ ደወልኩ።

«ጥለኸኝ የሄድከው ዳዊት ነህ?»

«አዎ ወይዘሮ ጽጌ። ያንኑ ዓይነት፣ ከእኛዎቹ ጋር እኩል ያገለገሉ ሁለት ባትሪዎች እፈልጋለሁ።»

«ለማን?» ታሪኩን ነገርኳቸው።  «መኪና እልካለሁ» አሉና ዘጉት።

ስድስቱን አንድ በአንድ ሞላኋቸው፣ ከሞሉ በኋላ ብቻ የባትሪ ውሃ ጨመርኩ፤ ሳይሞሉ ከተጨመረ ሲፈላ ይገነፍላል። መለኪያውን በየተራ ሳስገባ በስድስቱም አንድ ቦታ ላይ ተንሳፈፈ። ብቻዬን ሳቅኩ።

ቅዳሜ ደረሰ። የመጨረሻውን የባትሪ ራስ አጠበቅኩ፣ ጓንቴን አወለቅኩ፣ የቮልት መለኪያ ቴስተሬን ሽቦው ላይ አስሬ ከጋሽ መኮንን ኋላ ባለችው መቆሚያ ላይ ወጣሁ። ወይዘሮ ብርቄ ከአጥሩ ወዲያ «ቦንቧ ተነሳች!» ብለው ጮኹ። ሰላም በእግሯ ተከተለችን፣ ጋሽ ይርጋ ከጎኗ ናቸው፣ ወይዘሮ ብርቄም ነጠላቸውን ለብሰው ወጡ።

መውጫው ስር ደረስን። ጋሽ መኮንን ፔዳሉን ረገጡት። የቴስተሩ ቁጥር ወረደ፤ ሁልጊዜም ዳገት ላይ ይወርዳል። ወረደና ቆመ። አልተንሸራተተም! ካርቷ ሳታንገራግር፣ ሳታቃስት ወጣች። «ይዟል! ይዟል!» ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ አሉ፤ ድምፄን አላወቅኩትም። የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስንደርስ እትዬ አሰለፈች ሳይወርዱ ተሳለሙ፣ ከዚያ ግን ወርደው ደጁን በእጃቸው ነኩት። ሰላም ደረሰች። እናቷን አቀፈቻቸው፣ በጆሯቸውም አንድ ነገር ተናገረች።

«አባዬ፣ አንዴ ብቻ ከሆነ አላምንም» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ወርደህ እንደገና ውጣ፣ አሁን እኔም እጫናለሁ።»

ሰላምም ተጭና ወጣች። ቁጥሩ አሁንም ያዘ። ጉዳዩ ተዘጋ፣ ካርቷ አልተሸጠችም።

አሁን ጥላው ስር የሚያዙት እትዬ አሰለፈች ናቸው። በማግስቱ አንድ እንግዳ ሲጋራ ይዞ ወደዚያ ሲጠጋ «ወዲያ በል አንተ፣ እየፈላ ነው!» ያሉት አጥር ዘሎ ተሰምቷል።

እኔ ያየሁት ይህን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ዓይኔ ቴስተሩ ላይ ስለነበር ያመለጠኝ ብዙ ነው። ሰላም፣ ለእናትሽ በጆሯቸው ያልሻቸውን ካልከበደሽ ከዚህ ሥር ጻፊልን። ጋሽ መኮንን፣ ሲወጡ ፔዳሉን እስከ መጨረሻ ረግጠውት ነበር ወይስ ትርፍ ነበረው? ይህን በትክክል ማወቅ እፈልጋለሁ። ወይዘሮ ብርቄ ደግሞ በመጀመሪያው ዙር «ይርጋ ከኋላ ሲገፏት በዓይኔ አይቻለሁ» እያሉ ሰፈሩን ሞልተውታል። ጋሽ ይርጋ፣ እጅዎ ካርቷን ነክቶ ነበር?